እንደ አዲስ እሺ ላልከው ለአንዷለም

ውድ አንዱየ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ዘንድሮ ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናቡ በርትቷል። የላህ ወንዝ ሞልቶ በእግር የሚሻገሩት የገጠር ሰዎች እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የቤታችን ጣሪያ ግን አያፈስም፤ ቆርቆሮውን ባለፈው በጋ አስለውጬዋለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግርህ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ከተቀመጥክበት ብድግ ብለህ ባልዲ ፍለጋ ትዞር ስለነበር ነው። አሁን እረፍ።

ከደጃችን እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ጭቃው ቀርቷል፣ ባጃጁ በዝቷል፤ የስፌት ሱቄ መስኮት ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ትርሲት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። መንገድና ድልድይ መሥራት እማራለሁ ብላ ምህንድስና መረጠች። ባዮሎጂ አለመምረጧን ብትሰማ መጀመሪያ ፊትህን ታጠቁር ነበር፤ ከዚያ ወጥተህ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ መሐንዲስ ልትሆን ነው" እያልክ ስታወራ ትውል ነበር። አውቅሃለሁ እኮ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለቤት ወሬ ብቻ አይደለም። አንተ የሆንከውን ነገር አገር ሁሉ ሰምቶታል፤ ሐኪሞች ሰምተውታል፣ ተማሪዎች ሰምተውታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ላይ ሰምቶት የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። ስነግርህ ግማሹ ላይ ስንደርስ መጀመሪያው ከእጅህ ይወጣ ነበር። አሁን ሳልቸኩል ልንገርህ።

የታመምከው ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንተ ባዮሎጂ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የበዓሉ ኮሚቴ አባል ነበርክ። ተማሪዎቹ የሚተክሉት ችግኝ ከአዴት ይምጣ፣ ከቡሬ ይምጣ እያላችሁ ስትከራከሩ ሰንብታችሁ ነበር። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አልክ፤ ወባ መስሎን መድኃኒት ወሰድክ። ትኩሳቱ ጨመረ። እኔን በእህትህ ስም ጠራኸኝ። ከዚያ መላ ሰውነትህ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጎረቤት ተጯጩሆ መኪና አገኘንና ባሕር ዳር አደረስንህ፤ ከዚያም አዲስ አበባ። ሐኪሙ የአንጎል ቁጣ ነው አሉ። አንጎልህን በመሣሪያ አንስተው ፎቶውን አሳዩኝ። በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ፣ የተጎዳውን ቦታ በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ሕይወቱ ይተርፋል፤ ስለ ትውስታው ግን ቃል አልገባም" አሉኝ። ያን ጊዜ ሕይወትህ መትረፉን ብቻ ነበር የሰማሁት።

ዓይንህን ገልጠህ በደንብ ያወቅከኝ ዕለት የጠየቅከኝ፣ "ሚሊኒየሙ ደረሰ እንዴ?" ብለህ ነበር። "አለፈ፤ በደንብ ተከበረ" አልኩህ። አዘንክ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ገና እንደገባሁ ሰላም አልከኝና፣ "ስመኝ፣ ሚሊኒየሙ ደረሰ እንዴ?" አልክ። እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

የድሮው ሁሉ ነበረህ። ማንኩሳ የተጋባንበትን ቀን፣ ሚዜህ በዝናቡ አዳልጦት የወደቀበትን፣ የእናትህ በርበሬ የሚሰጣበትን ደጅ ታስታውሳለህ፤ ያስተማርካቸውን ልጆች ከነአባታቸው ስም ትጠራለህ። የልብን አሠራር ከጠየቁህ ደሙ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አንዲት ነገር ሳታዛንፍ ታስረዳለህ። አዲስ ነገር ግን አይቀመጥልህም። ምሳ በልተህ ምሳ ትጠይቃለህ። እንግዳ መጥቶ ተጨዋውቶ ወደ ጓሮ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ "እንደምን ዋላችሁ፣ እኔ አንዷለም እባላለሁ" ብለህ እጅህን ትዘረጋለህ።

ትምህርት ቤቱ በጡረታ ሸኘህ። የከተማው ሰው አዘነልን፤ አንዳንዱም ልጆቹን እየጠራ "ጋሼን ስሙን ጠይቀውና ወጥተህ ተመለስ" እያለ ይስቅብህ ጀመር። ታላቅ ወንድምህ አያ ያረጋል ከማንኩሳ ሁለት በቅሎ ይዘው መጡ።

"ስመኝ፣ ወንድሜን ስጭኝ። እዚህ የሰው መሳቂያ ከሚሆን እናቱ ቤት ተከብሮ ይቀመጥ። አንቺም ገና ልጅ ነሽ፣ ኑሮሽን ኑሪ" አሉኝ።

"አያ ያረጋል፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አንዷለም የትም አይሄድም። የሚያውቀው ይህን ቤት ነው፤ ከዚህ ካወጡት ያን ጊዜ ነው የሚጠፋ" አልኳቸው።

በቅሎዎቹን ይዘው ተመለሱ። ተቀይመውኝ ነበር። አንተ እስከ በር ሸኝተሃቸው ተመልሰህ፣ "አያ ያረጋል ከጠፋ ቆየ፤ ምነው አይመጣም?" ብለህ ጠየቅከኝ።

ዶክተር ሰብለ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያከሙህ ሐኪም ነግረዋት፣ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስታውስና እንዴት እንደሚረሳ የምታጠና ሴት። ልጅ እግር ናት፤ ቦርሳዋን አንግታ ከአውቶቡስ ስትወርድ አስተማሪ ሆና የተመደበች መስላኝ ነበር። እኔን ሰላም ብላ በቀጥታ ወደ አንተ መጣችና ፊት ለፊትህ ተቀመጠች። ታምመህ እንደነበር፣ አዲስ ነገር ማስታወስ እንደሚቸግርህ፣ አንዳንድ ሥራ እየሰጠችህ ልታጠና እንደምትፈልግ፣ ካልፈለግህ መተው እንደምትችል ቀስ ብላ ነገረችህ። ብዙ ሰው ከአንተ ጋር ሲያወራ በእኔ በኩል ያወራ ነበር፤ እርሷ ዓይንህን እያየች ነው የተናገረች።

እስክትጨርስ ሰማሃትና፣ "ውጤቱን ለተማሪዎች ታስተምሩበታላችሁ?" አልካት።

"አዎ፣ እናስተምርበታለን።"

"እንግዲያው እሺ። ግን መጀመሪያ ሻይ ይምጣላት።"

አንዱየ፣ ይህን ነገር አንድ ጊዜ የተናገርከው እንዳይመስልህ። ዶክተር ሰብለ ትናንት ተስማምቷል ብላ ዛሬ አትጀምርም ነበር። በመጣች ቁጥር፣ በየማለዳው፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግርሃለች፤ አንተም መታመምህን እንደ አዲስ ትሰማለህ። ፊትህ ትንሽ ይጨልማል። እጅህን ግንባርህ ላይ ታደርጋለህ። ከዚያ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ለተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ። ከዚያ እሺ ትላለህ፣ ሻይም ይታዘዛል። እኔ ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስንት ደግ ሰው አይቻለሁ፤ ደግነቱን ከልቡ እንደ አዲስ ደጋግሞ ሲጀምረው ያየሁት ግን አንተን ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቁጥሮች ትነግርህና መልሰህ ትላለህ፤ እሱን ከእኔ ይልቅ ትችል ነበር። ቃላት ትነግርህና ሌላ ወሬ አውርታችሁ ስትጠይቅህ ግን፣ "የምን ቃላት?" ትላለህ። ከዚያ መስታወቱ አለ። ኮከብ የተሳለበት ወረቀት ፊትህ ታስቀምጣለች፣ ወረቀቱን በካርቶን ትከልልብህና በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየህ የኮከቡን ዳር በእርሳስ እንድትከተል ትነግርሃለች። እኔ ራሴ ሞክሬው እጄ ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ እየሄደ አበሳጭቶኛል። አንተም የመጀመሪያው ቀን ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ስትወጣ ዋልክ። በሁለተኛው ቀን ይህን ነገር በሕይወቴ አይቼው አላውቅም አልክ፤ መስመርህ ግን ተሻለ። በሦስተኛው ቀን አሁንም አይቼው አላውቅም ብለህ ከመስመሩ አንዴም ሳትወጣ ኮከቡን ዞርከው። "ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ ቀላል ነው ለካ!" ብለህ ሳቅክ።

ዶክተር ሰብለ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በኋላ አስረዳችኝ። ትውስታ የምንለው አንድ ዕቃ አይደለም አለች። የሆነውን ነገር የምንይዝበት የአንጎል ክፍል ሌላ፣ እጅና እግር የተለማመዱትን የሚይዙበት ሌላ። አንተ ላይ የተጎዳው የመጀመሪያው ነው፣ ሁለተኛው ደኅና ነው። በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ሕመም የገጠማቸው ሰዎች ይህንኑ አሳይተዋል፤ እዚህ ግን እንዲህ በዝርዝር ያየሁት የመጀመሪያው ሰው መምህር አንዷለም ናቸው አለችኝ።

እርሷ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ እኔ ነገሩን ሳመላልሰው ሰነበትኩ። እጁ የሚማር ከሆነ፣ እኔ የማስተምረው የእጅ ሥራ ሞልቶኛል እኮ! ሁለተኛዋን የስፌት መኪና አቧራዋን ጠርጌ ከእኔ አጠገብ አስቀመጥኩልህ። አንተ እንኳን መኪና መርፌ ይዘህ አታውቅም ነበር።

"ስመኝ፣ እኔ እኮ ስፌት አልችልም" አልክ።

"ሞክረው እስቲ።"

መጀመሪያ ክሩ ተተበተበ፣ መርፌ ተሰበረ፣ እግርህ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያስኬደ አስቸገረህ። ብዙ ጨርቅ ተበላሸ። እኔም ተስፋ የቆረጥኩባቸው ቀናት ነበሩ። ግን በየቀኑ ጠዋት ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ቦታ አስቀመጥኩህ፤ ዶክተር ሰብለም በስልክ፣ "እስኪሳሳት አይጠብቁት፣ በእጅዎ እጁን ይዘው በትክክለኛው ይምሩት" አለችኝ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ እግርህ ተስተካከለ። ቀጥ ያለ ስፌት ሰፋህ። ከዚያ ኪስ። ከዚያ ኮሌታ። በየማለዳው፣ "እኔ እኮ ስፌት አልችልም" ትለኛለህ፣ እኔም "ሞክረው እስቲ" እልሃለሁ፤ ትቀመጥና መኪናዋ መሮጥ ስትጀምር የገዛ እጅህን እንደ ሰው እጅ ትክ ብለህ ታየዋለህ። "አንቺ፣ ይሄ መቼ መጣ?" ትላለህ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ሊያዩህ ይመጡ ነበር፤ በኋላ ኮሌታቸውን አንተ እንድትሰፋላቸው መጡ። ጨርቁን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፣ ልኬት አንተ ዘንድ አይቆይምና። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ሁለታችን ሰፋነው። ደጃፋችን ላይ የሚስቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አያ ያረጋል ስለ ጥናቱ ሰምተው የመጡት ዶክተር ሰብለ በሌላ ጊዜ ቤታችን ሳለች ነው። በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ "ወንድሜ የመሞከሪያ እንስሳ ነው እንዴ? የሚለውን የማያውቅ ሰው እሺ ቢል ምን ዋጋ አለው?" አሉ። ዶክተር ሰብለ፣ "አባቴ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው" ብላ ወደ አንተ አመለከተቻቸው።

አንተ የተባባሉትን ሁሉ ሰምተህ ነበርና ተነሳህ። "አያ ያረጋል፣ እኔ አንጎልን የማስተምረው ሰሌዳ ላይ ስዬ ነው። ሥዕሌ አስቀያሚ ነው፤ ልጆቹም ይሄ ጎመን ነው እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ። አሁን የእኔ አንጎል ሥዕሉ ያላሳየውን የሚያሳይ ከሆነ፣ ደብቄ ማን ሊበላው ነው?" አልካቸው። አያ ያረጋል ሳቃቸው አመለጣቸው። ግን አላመኑም፣ ለማደር ብቻ ተቀመጡ።

በማግስቱ ዶክተር ሰብለ እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው ነገረችህ። ያን ቀን ራስህን ያምህ ነበር። "ልጄ፣ ዛሬ አልችልም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አልካት። መስታወቷን ጠቀለለች፣ ወረቀቷን ሰበሰበች፤ ከአዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ ሳለ ልታግባባህ ሳትሞክር ጤና ይስጥልኝ ብላህ ወጣች። አያ ያረጋል ከጓዳው በር ላይ ሆነው አይተዋል። ወደ እኔ መጥተው፣ "ስመኝ፣ እኔ እኮ እምቢ ማለት የሚችል አልመሰለኝም ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፉ አላዩኝም። ዶክተር ሰብለ በመጣች ቁጥርም ማር ይዘውላት ከማንኩሳ ይመጡ ነበር።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምኮራበትን ልንገርህ።

ርእሰ መምህሩ አንድ ጠዋት ሱቄ መጥቶ፣ የባዮሎጂ መምህራኑ ስለ አንጎል የሚያስተምሩበት ምዕራፍ መድረሱን ነገረኝና መምህር አንዷለም አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምሩ ብሎ ጠየቀኝ። ፈራሁ። ለብዙ ዓመት ያቆየሁልህ ክብር በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈስስ ብዬ ፈራሁ። አንተን ጠየቅሁህ። "የኔን ክፍል? ሰዓቱ መቼ ነው?" ብለህ ሸሚዝህን ፈለግህ፤ በቃ አለቀ።

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጠመኔ አነሳህ። የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ራስህ ሰሌዳው ላይ ሳልከው፣ እውነትም ጎመን ይመስላል። በር ላይ እያለን ስለ ሕመምህ ነግሬህ ስለነበር፣ "ይህ ክፍል እኔ ላይ ተጎድቷል ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ መጽሐፉም አስተማሪውም እኔ ነኝ" ብለህ ጀመርክ። የአንተ ድምፅ ነበር፤ ያ የድሮው፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማው። አንዱ ልጅ ወሬ ሲጀምር ትክ ብለህ አየኸው፣ እሱም ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ከዚያ ግን ዘበኛው በሩን አንኳኩቶ ገባ፣ የሆነ ነገር ለማድረስ። ዞር ብለህ አየኸው። ወደ ተማሪዎቹ ስትመለስ ፊትህ ላይ የማውቀው ነገር መጣ። ጠመኔውን አየህ። ሰሌዳውን አየህ። ተነስቼ ልመጣ አሰብኩ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እጅ የሚለማመደውን የሚይዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሊነግሩን ነበር" አለችህ፣ ልክ ጥያቄ እንደምትጠይቅ አድርጋ።

"ጥሩ! ጥሩ ጥያቄ ነው" አልክና ቀጠልክ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ እየረሳህ፣ እነሱ እጃቸውን እያወጡ ባለህበት ላይ እየመለሱህ፣ አንተ እያስረዳህ ጨረስከው። አንድም የሳቀ አልነበረም። ስትወጣ ብድግ አሉ።

ቤት ሳንደርስ፣ "ከየት ነው የምንመጣው?" አልከኝ።

"ከክፍል። አስተምረህ።"

"ልጆቹ ረበሹ?"

"ጸጥ ብለው ሰሙህ።"

ትከሻህ ቀና አለ። እስከ ቤታችን ድረስ እንደዚያው ቀና ብለህ ሄድክ። ከዚያ ደግሞ ጠየቅከኝ፣ ደግሞ ነገርኩህ። ያን ቀን ደጋግመህ ብትጠይቀኝ አልሰለቸኝም።

ትርሲት ላይ ከባድ ነበር፣ አልደብቅህም። በአንተ ልብ ውስጥ ሁልጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቁመቷ እየረዘመ ከትምህርት ቤት ስትገባ እንግዳ መስላህ ብድግ ትላለህ። ትንሽ ሳለች ታለቅስ ነበር። ከፍ ስትል ግን ራሷ ዘዴ ፈጠረችለት፤ ገና ከበር፣ "አባቢ፣ ትርሲት ነኝ፣ አደግሁ!" ብላ ትገባለች። አንተም ትደነግጥና ከእግር እስከ ራሷ ታያታለህ፤ "ስመኝ! ኧረ ልጄን ተመልከቻት!" ብለህ ትጠራኛለህ። ሌላው አባት ልጁ ስታድግ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። አንተ አንድም ቀን አልለመድከውም። አሁን፣ "ምነው ያንን ድምፁን በስልኬ ቀርጬ ባስቀረሁት" ትላለች።

የሳንባ ምች ነው የወሰደህ፤ ፈጥኖ ነበር። አልተሰቃየህም። ቀብርህ ላይ የተማሪው ሰልፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልፎ መንገዱን ሞላው። የለበሱትን ዩኒፎርም ማን እንደሰፋው ብዙዎቹ አያውቁም።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ዶክተር ሰብለ የጻፈችው ጥናት ውስጥ ስምህ የለም፤ የታማሚ ስም አይገለጥም፣ ሕጋቸው ነው፣ በሁለት ፊደል ብቻ ነው የተጠራኸው። ባለፈው ፋሲካ ቤታችን መጥታ፣ ስታስተምር ስምህን ብትጠራው እንፈቅድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ብቻዬን ልመልስ አልፈለግሁም። ትርሲትን ጠየቅሁ፤ "ይጠራ" አለች። ማንኩሳ ሄጄ አያ ያረጋልን ጠየቅሁ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። "ስሙን አሳምራ ትጥራው፣ ከነአባቱ" አሉኝ። አንተን መጠየቅ ባልችልም፣ መጀመሪያ ምን ብለህ እንደምትጠይቅና ቀጥለህ ምን እንደምትል እኔ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ፈቀድኩ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ስለ ትውስታ ሲማሩ፣ የፍኖተ ሰላሙ መምህር አንዷለም እየተባለ ይነገራቸዋል። ገና ሰው ማስተማር አላቆምክም፤ እኔ የመምህር አንዷለም ሚስት ነኝ ስል ድምፄ ከፍ ይላል።

እነሱ የአንጎልህን ታሪክ ይያዙት። የቀረውን ለእኔ ተወው። ከታመምክ ወዲህ የኖርካቸው ዓመታት አንተ ዘንድ አልነበሩም፤ ያሉት እኔ ዘንድ ነው። ማንጎ በልተህ እጅህን የጓሮው ዛፍ ላይ የምትጠርገው፣ የሰርክ ጸሎት ሲደወል መኪናዋን አቁመህ የምታማትበው፣ ከተኛህ በኋላ እጄን ፈልገህ የምትይዘው፣ ሁሉም አለ። ለትርሲት ልጆች፣ ከተወለዱ፣ እነግራቸዋለሁ። እኔም አንድ ቀን አርጅቼ የምረሳ ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ የምትቀርልኝ አንተ ነህ።

ባለቤትህ፣
ስመኝ